ጨው በልክዎ

ደረጃ ላይ ሰላምታ እሰጣለሁ እንጂ ወሬ አላበዛም። አብሮ በሚኖር ሰው ጉዳይ መግባት መጨረሻው እንደማያምር ስለማውቅ ነው። በዚያ ቀን ግን አሳንሰሩ ተበላሽቶ የሕንፃው ሰው ሁሉ በእግሩ ይወጣና ይወርድ ነበር። እኔም ከውጭ ስመለስ ከበሩ አጠገብ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ፊት፣ ካርቶን ታቅፈው የቆሙ ሽማግሌ አገኘሁ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሕንፃው ሰው ሲያማቸውም ሲያመሰግናቸውም ጋሽ መቀስ ይላቸዋል።

ወሬውን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሽ መቀስን የምታበላቸው ልጃቸው ናት። ነርስ ናት። ከሆስፒታል ተረኝነቷ ስትወጣ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ መጀመሪያ በአባቷ ቤት ታልፋለች፣ ታበስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ የነገውን ምሳ በሳህን ከድና ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ደረጃው መካከል ግድግዳ ተደግፋ ዐይኗን ጨፍና አይቻታለሁ። ይህች ልጅ ለአዋላጅነት ሥልጠና ተመርጣለች። ሥልጠናው ሌላ ከተማ ነው፣ ወራት ይፈጃል። አባቴን ማን ያበላዋል ብላ ልትተወው መሆኑን ከጥበቃው ጀምሮ ሁላችንም ሰምተናል። ያልሰሙት አባትየው ብቻ ነበሩ።

“ደህና ዋሉ ጋሼ” አልኳቸው።

“ደህና ዋሉ መምህር። ይሄን የሚጥሉበት የቱ ነው? አረንጓዴው ነው ጥቁሩ?”

“ምን ይዞ?”

“ጥሬ ይዞ” አሉ። “ልጄ ስልክ ደውላ ምሳ ልኬልሃለሁ አለችኝ። እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ። ብከፍተው ሽንኩርት ከነልጣጩ ያየኛል። የዶሮ ሥጋ በላስቲክ፣ ሩዝ በላስቲክ፣ ካሮት፣ የሕፃን መድኃኒት የምታክል ብልቃጥ ዘይት። ልጄን አታለዋታል መምህር። ጨርቁን ሸጠው ልብስ ሰፋን አሏት።”

ካርቶኑ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከኛ በላይ የምትኖረው ወጣት ኢንጂነር ያን ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ገባች። ድልድይ ነው የምትሠራው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ የሥራ ቆቧ በክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሌላው እጇ ልክ የርሳቸውን የመሰለ ካርቶን ይዛለች።

“አላታለሏትም ጋሼ” አለች ከሰላምታ በኋላ። “እንዲሁ ነው የሚመጣው። ለአንድ ምግብ የሚያስፈልገውን ሁሉ መጥነው፣ አሠራሩን በወረቀት ጽፈው ይልኩታል። ማብሰሉ የርስዎ ነው።”

“የማን?”

“የርስዎ።”

ጋሽ መቀስ ወደኔ ዞሩ፤ የተማረ ሰው የተማረን ሰው ያርማል ብለው የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ በማላውቀው ነገር ዝም እላለሁ። ከትምህርት ቤት ኢንስፔክተርነት ያተረፍኩት ልማድ እሱ ብቻ ነው።

“ዶሮው ሳይበላሽ እንውጣና እንነጋገር። ከዚያ በኋላም ልጣለው ካሉ እኔው ወስጄ እጥልልዎታለሁ” አለች ኢንጂነሯ። ካርቶኑንም ከክንዳቸው ወሰደችባቸው። ሽማግሌው ካርቶናቸውን ተከትለው ወጡ፤ እኔም፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ሁለቱን ተከተልኩ።

የጋሽ መቀስ ቤት አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤትና ጠባብ ማብሰያ ቤት ነው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው ቆሟል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሽፋኑ ተነሥቶ አያውቅም። ሜትራቸው ግን ዛሬም ከአንገታቸው አይወርድም። ወንበር ከሰጡን በኋላ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከበላዩ እጃቸውን አሳረፉ።

“እስቲ ልጠይቅሽ ልጄ። አንቺ በወንዝ ላይ መንገድ የምትዘረጊ ሴት ነሽ። ሽንኩርት ገዝቶ መምጣት ያቅትሻል?”

“አያቅተኝም ጋሼ። ከሥራ ስወጣ ግን የተዘጋው ተዘግቷል፣ ያልተዘጋው ደግሞ ሰልፍ ነው። እሱም ይሁን። ቤት ስገባ ምን ልሥራ የሚለው ሐሳብ ነው የሚገድለኝ። ቀኑን ሙሉ ስወስን እውላለሁ፤ ይሄ ብረት ይበቃል፣ ያ አይበቃም እያልኩ። ማታ ደግሞ ከድንች ጋር ስብሰባ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ ዳቦ ነክሼ እተኛ ነበር። ቅዳሜ የገዛሁት አትክልት ዐርብ ላይ በስብሶ እጥለው ነበር።”

“ይሄ እኮ በኛ ጊዜ ስንፍና ነበር ስሙ።”

“ስንፍና ቢሆንማ የበሰለ አዝዤ እበላ ነበር። እሱም አለ፣ እሱም በር ድረስ ይመጣል። እኔ ቆሜ ነው የማበስለው።”

“በወረቀት እየተመራሽ።”

“በወረቀት እየተመራሁ። እርስዎስ መርፌ መያዝ ሲማሩ አለቃዎ አጠገብዎ አልቆሙም?”

ይህ መልስ ሽማግሌውን ፈገግ አሰኛቸው፤ ግን ፈገግታው እንደመጣ ሄደ። ከዚያ የተናገሩትን በደንብ አዳመጥኩ፤ ብዙ ቀን የታሰበበት ንግግር ነበር።

“የኔን ሱቅ ማን እንደዘጋው ታውቂያለሽ? ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ ነው። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለው የሰውን ልጅ በሦስት ከፈሉት። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ አንድ ክንዱ የረዘመ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ለነሱ የለም። ሰዉም ሰውነቱን ትቶ ልብሱን ደህና ነው አለ። አሁን ደግሞ ማጀት ገቡ። ለሁለት ሰው፣ ለአራት ሰው ብለው ይጽፋሉ። የትኛው ሁለት ሰው? እኔና መምህር ሁለት ነን። አንቺና ጡት የጣለ ሕፃን ሁለት ናችሁ።”

እኔ በልቤ ነጥቡን ለሽማግሌው ሰጠሁ።

“እውነትዎን ነው፤ አንዳንዴ ይተርፈኛል፣ አንዳንዴ ያንሰኛል” አለች። “ግን ይሄ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ አይደለም ጋሼ። ያ የበሰለው ነው። ይሄ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ክሩም አዝራሩም አብሮት መጥቷል፤ ስፌቱ ነው የቀረው።”

ጋሽ መቀስ ካርቶኑን እንደ አዲስ አዩት። ለጥቂት ጊዜ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አመላለሱ። የመጀመሪያው ስፌት የተተረተረ መሰለኝ፤ ሽማግሌዎች ግን በአንድ ክር አይለቁም።

“እሺ፣ ጨርቅ ይሁን። የማላውቀው ሰው የቆረጠውን ሰፍቼ አላውቅም። ምግብ ደግሞ እጅ ነው ልጄ። ሰው ሲቀምስ የማን እጅ ነው ይላል እንጂ የማን ካርቶን ነው አይልም። የባለቤቴን እጅ ከሰርግ ቤት ድስት መካከል እለየው ነበር። ከዚህ ውስጥ የማን እጅ አለ?”

“የማንም የለም።”

“እንዲያ በይኝ።”

“እጁን አይልኩትም እኮ ጋሼ። እጁ የሚጠበቀው ከርስዎ ነው።”

“እኔ የምግብ እጅ የለኝም” አሉ፤ ይህንንም ሲሉ ሁለቱን እጆቻቸውን ከፍተው አሳዩን። ከዚያ ማጥቃት ጀመሩ። “አንቺስ አለሽ? ወረቀቱን ብቀማሽ ለዚህ ሩዝ ስንት ጨው እንደሚበቃ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

“ይሄን ሁሉ ላስቲክስ ምን ትይዋለሽ?” እያንዳንዷን ከረጢት እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯት። “ለአንድ ሰው ጉርሻ የአንድ ሰፈር ቆሻሻ።”

“እሱ ላይ ተረትቻለሁ። ለድርጅቱ ነግሬያቸዋለሁ። ካርቶኑን መልሰው መውሰድ ጀምረዋል፤ ላስቲኩ ግን ገና ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጊዜ ላለው፣ ማብሰል ለሚችል ሰው ይሄ ነገር ምንም አያደርግለትም።”

እንዲህ ስትሸነፍ ደስ አለችኝ። በረጅሙ የሥራ ዘመኔ ሁሉን ነጥብ የሚያሸንፍ ተከራካሪ ማንንም ሲያሳምን አላየሁም። ጋሽ መቀስም ድላቸውን ሲያገኙ ድምፃቸው ቀነሰ።

“ነገሩ እንኳ ላስቲኩ አይደለም” አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። “ልጄ ሰልችቷታል። ይሄ ካርቶን ከእንግዲህ አልመጣም ማለቷ ነው። አይፈረድባትም። በአፏ ብትነግረኝ ግን ይሻለኝ ነበር።”

ኢንጂነሯ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ልትናገር መሆኑ ገብቶኛል፤ መናገር የሚገባው ግን በዕድሜ እኔ ነበርኩ።

“አልሰለቻትም ጋሼ። ለአዋላጅነት ሥልጠና ከሆስፒታሉ ሁሉ እሷን መርጠዋታል። ሌላ ከተማ ነው። በዚህ ሳምንት እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ነው የነገረችኝ፤ አባዬ ማጀት ገብቶ አያውቅም፣ ጥዬው ብሄድ ሻይ እየጠጣ ይኖራል አለችኝ። ካርቶኑን እንድትልክልዎት የመከርኳት እኔ ነኝ። ልትርቅዎት ፈልጋ አይደለም፤ መሄድ ይቻላት እንደሆነ ልታይ ነው። እርስዎ ከጣሉት መልሷን አገኘች ማለት ነው።”

ጋሽ መቀስ ሜትራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው መካከል አሳለፉት።

“ሕፃን ማዋለድ ነው የሚያስተምሯት?” አሉ በመጨረሻ።

“አዎ ጋሼ።”

“ለኔ ሳይነግሩኝ።”

“ቢነግሩዎት ሂጂ ይሏት ነበር። ሂጂ ብለዋት ደግሞ ሳይበሉ ይከርማሉ። እሷም ይህን ታውቃለች።”

ጋሽ መቀስ ተነሡ። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የስፌት ሽርጣቸውን አወረዱና ታጠቁት። ከመሳቢያ ውስጥ ሲሰፉ ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን የብረት ቆብ አወጡ።

“መምህር፣ ወረቀቱን ያንብቡልኝ። አንቺ ልጄ ደግሞ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ። አንድ ነገር ከነካሽ የኔ አይሆንም።”

እንዲህ ሆኖ ሦስታችን ለሁለት እንኳ በማይበቃው ማብሰያ ቤት ገባን። እኔ አነባለሁ፣ ኢንጂነሯ ክንዷን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሽማግሌው ቢላውን እንደ መቀስ ሊይዙት ይሞክራሉ። ሽንኩርቱን በደቃቁ ይክተፉ ይላል ወረቀቱ። የብረት ቆቧን በግራ ጣታቸው ላይ አድርገው በዝግታ ከተፉት፤ ቢላው ቆቧን ሲነካ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ዐይናቸው አነባ፤ በዚያ ሰዓት ለማንባት ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም ምክንያታቸው፣ ግን ማንም አላነሣውም።

“ካሮቱን በግማሽ ጣት ውፍረት ይቁረጡ” ብዬ አነበብኩ።

“የማን ጣት?”

“አይልም።”

“ይሄ ነው እንግዲህ” አሉና ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ካሮቱን ዘርግተው ለኩት፤ በልብስ ጠመኔም በየቦታው ምልክት አደረጉበት። ኢንጂነሯ አፏን ከፍታ ነበር፤ እጅሽን ሰብስቢ መባሏ ትዝ ሲላት አፏንም ሰበሰበች። ካሮቱ ከተቆረጠ በኋላ ታጠበ። ካርቶኑን የሚልኩት ሰዎች ቢያዩት በፎቶግራፋቸው ላይ ያወጡት ነበር፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው አይለይም።

“ጥሬ ሥጋ የነካውን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሌላ ነገር አይጠቀሙበት” አልኩ።

“እሱ ገብቶኛል። ዘይት የነካው መቀስ ነጭ ጨርቅ ላይ አላሳርፍም ነበር። ልብስ ላይ ግን እድፍ ነው፣ ሆድ ላይ በሽታ ነው። ይሄን ሳላስብ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት” አሉ። መክተፊያውን በሳሙና አሹት፤ እጃቸውንም እስከ ክርናቸው ታጠቡ።

ዶሮው ተጠበሰ፣ ሩዙ ፈላ፣ ቤቱን የምግብ ሽታ ሞላው። ሁሉ በመልካም ሲሄድ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ደረስኩ።

“ጨው በልክዎ።”

“ስንት ማንኪያ?”

“ማንኪያ አይልም። ጨው በልክዎ ነው የሚለው።”

ማንኪያውን እንደያዙ ቆሙ። “ዘይቱን በብልቃጥ፣ ሩዙን በከረጢት ለክተው ሲልኩ ይሄን ለምን ተዉት?”

“ሊለኩት ስለማይችሉ ይሆናል” አለች ኢንጂነሯ። “እኔ እዚያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ።”

ጋሽ መቀስ የጨው ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረዱ። ባለቤታቸው ያስቀመጡበት ቦታ ነው፤ ልጅቱም ቦታውን አልቀየረችውም።

“የኔን ጨው የምታውቀው እሷ ነበረች” አሉ። “እኔ ለክቼው አላውቅም። ይቀርብልኛል፣ እበላለሁ፣ እጅሽ ይባረክ እላለሁ። የስንት ሰው ደረት፣ የስንት ሰው ወገብ በዚህ ሜትር አልፏል። የራሴን ልክ ዛሬ ነው የምጠየቀው።”

ቆንጥረው ጨመሩ፣ ቀመሱ። እንደገና ጨመሩ፣ ቀመሱ። ማንም አልመከራቸውም። በመጨረሻ አንድ ቆንጠር ደፈር ብለው ጨመሩና እሳቱን አጠፉት።

የዚህ ዓይነት ወግ አንባቢ ከመሰናበቱ በፊት ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጨረሻው ላይ ቆሜ መስበክ ስለማልወድ እዚሁ ተናግሬ ልውረድ። ይህ አሠራር ሥራ ለሚበዛበት ሰው ከማብሰል ድካም አያድነውም፤ የሚያድነው ከማሰብ ድካምና ከሰልፍ ነው። ተመጥኖ ስለሚመጣ የሚበሰብስ የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለማያውቅ ሰው የሚሰጠው ነው። አፍሮ ማንንም መጠየቅ የማይችል ጎልማሳ፣ ባለቤቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ከእናቱ ቤት ትናንት የወጣ ወጣት፣ በር ዘግቶ ከወረቀት ይማራል፤ ሲያበላሽም የሚያየው የለም። ጥቂት ወር ከተማረ በኋላ ሽንኩርቱን ራሱ መግዛት ይጀምራል፤ ካርቶኑም የሚመጣው አዲስ ነገር ሊሞክር ሲፈልግ ብቻ ይሆናል። ጋሽ መቀስ ዛሬ እዚያ ደርሰዋል። የቤት ሥራ ደግሞ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ተጭኖ ሲኖር ያቺ ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችል እንደነበር ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ጉዳቱን አልደብቅም። ላስቲኩ ብዙ ነው። ሰው ቤቱ እንዳይመጣ፣ እሱም ሰው ቤት እንዳይሄድ ብሎ ካርቶኑን መደበቂያ የሚያደርግም አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ዳቦ ነክሶ ጎረቤት ቢሄድ ይሻለዋል። ምክሬ ይኸው ነው።

ነርሷ የመጣችው ፀሐይ ሳትገባ ነው። በአንድ እጇ ጎመንና ቲማቲም አንጠልጥላለች። በሩን ከፍታ ስትገባ አሸተተች፤ እኔንና ኢንጂነሯን ስታይ ደግሞ የሆነ ነገር የደረሰ መስሏት ደነገጠች።

“አባዬ ደህና ነህ?”

“ደህና ነኝ። ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ።”

አባቷ እንዲህ ብለዋት ስለማያውቁ ነው መሰለኝ ሳትከራከር ተቀመጠች። እግሯ አብጧል። ሳህን ቀረበላት። ሁለት ማንኪያ ያህል ሳትናገር በላች። ከዚያ ቀና ብላ፣ “የማን እጅ ነው?” አለች።

ወደ ኢንጂነሯ ስታይ ኢንጂነሯ አሁንም ክንዷን እንዳጣመረች ናት። ወደኔ አየች፤ እኔ ውሃ ሳፈላ እንኳ እንደማሳርር ሕንፃው ያውቃል። በመጨረሻ አባቷ ጣት ላይ የብረት ቆቧን አየች።

ሌላ ማንኪያ ጎረሰች። ከዚያ ነርስነቷ ቀደማት። “ጨዉ ትንሽ በዝቷል አባዬ።”

“ልኬ ነው።”

“ለደም ግፊትህ አይሆንም እኮ።”

“ነገ እቀንሰዋለሁ። ዛሬ ተይኝ።”

ተወቻቸው። ሳህኑን ጨርሳ በላች፤ ስትጨርስም፣ “እጅህ ይባረክ” አለች።

ጋሽ መቀስ ይህን ቃል ከዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት ኖረዋል፤ ተብለውት ግን አያውቁም። “አሜን” ያሉት ዘግይተው ነው። ሳህኑን አንሥተው ወደ ማብሰያ ቤት ሊወስዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደኛ አላዞሩም።

“ያቺ ትልቋ ሻንጣሽ ዚፗ አልዘጋ ብሏል ብለሽኝ አልነበር?”

“የትኛዋ?”

“ራቅ ያለ ቦታ ስትሄጂ የምትይዣት። ነገ አምጫት። ከመሄድሽ በፊት እቀይርልሻለሁ።”

ነርሷ ስለ መሄድ አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም። ኢንጂነሯን አየቻት፣ ከዚያ የአባቷን ጀርባ አየች። ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

“አመጣታለሁ አባዬ” አለች ከመዳፏ ውስጥ።

ጋሽ መቀስ ሳህኑን አጥበው ተመለሱ። እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ የስፌት መኪናውን ሽፋን አነሡት።